ስለ ስልክ ዋጋና ስለ ርካሹ መንገድ

ሰው ከዘመዱ በርቀት ሲለያይ ሁለት ነገር ይናፍቃል፤ አንደኛው መልኩን ማየት፥ ሁለተኛው ድምፁን መስማት ነው። መልኩን ለማየት ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ድምፁን ለመስማት ግን የዘመኑ ጥበብ መንገዱን ከፍቷል። ይሁን እንጂ በተከፈተው መንገድ ላይ ቀረጥ ተቀባይ አይታጣምና፥ ቀረጡ ከድኻው አቅም በላይ በሆነ ጊዜ ሕዝቡ ሌላ በር መፈለጉ አይቀርም። ስለዚህ ጉዳይ የመንግሥት ሹማምንትም ሆኑ የሕዝብ መካሪዎች የሆኑት ካህናት አጥብቀው ሊያስቡበት ይገባል።

ነገሩን ለመረዳት ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለውን የአቃቂ ቃሊቲን ክፍለ ከተማ መመልከት ይበቃል። አቃቂ የቆየ የመገናኛ በር ነው። በ1909 ዓ.ም. ወደ ዋናው ከተማ የደረሰው የምድር ባቡር ያለፈው በዚያ በኩል ነው። ከጠላት ወረራ በፊት የኢትዮጵያ መንግሥት የራዲዮ ጣቢያ የተሠራውም በዚያው ነበር፤ የወረራው ጊዜ በቀረበም ጊዜ የአገሪቱ አቤቱታ ለዓለም የተሰማው በዚሁ ጣቢያ አማካይነት ነው። በ1928 ዓ.ም. ጠላት ወደ ከተማው ሲቃረብ ጣቢያው ለእርሱ መሣሪያ እንዳይሆነው እንዲፈርስ ተደረገ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ ይኸውም ድምፅን ወደ ሩቅ ማሰማት ጨዋታ ሳይሆን ኀይል መሆኑ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ድምፁን የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ ሰዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘርግቶ ጥቅሙ በታየ ጊዜ ፍርሃቱ ቀረ። በ1945 ዓ.ም. ሥራውን የሚመራ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ ከእርሱም በኋላ መሥሪያ ቤቱ ስሙን እየለወጠ ቆይቶ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። በዚህ ሁሉ ዘመን የስልክ ሻጭ አንድ ብቻ ነበር፤ ሻጭ አንድ በሆነበት ገበያ ደግሞ ዋጋን የሚወስነው ሻጩ ራሱ ነው።

ዛሬ በአቃቂና በቃሊቲ የፋብሪካ ሠራተኛው፥ የጭነት መኪና ሹፌሩ፥ የጉልት ነጋዴይቱና ጡረተኛው ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከእነዚህ ቤቶች ወደ ቤይሩት፥ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ዱባይ ለቤት ሥራ የሄደች ልጅ ያለችበት ቤት ጥቂት አይደለም። እንዲህ ላለው ቤተ ሰብ የስልክ ጥሪ የወሬ ማሳለፊያ አይደለም። ልጅቱ ደመወዟ ተከልክሎባት፥ ወይም ታማ፥ ወይም ተበድላ እንደ ሆነ የሚታወቀው በስልክ ነው። ጥሪው በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ከሆነ ግን ለሰላምታው ብቻ ይበቃል፤ እናት «ደኅና ነሽ?» ብላ ልጅ «ደኅና ነኝ» ካለች በኋላ እውነተኛውን ጭንቀት ለመናገር ጊዜ አይተርፍም። የስልክ ዋጋ ነገር ከሂሳብ አልፎ የነፍስ ጉዳይ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ችግር ብልሃትን ይወልዳል እንደሚባለው ሕዝቡ ለዚህ ልዩ ልዩ መላ አግኝቷል። የመጀመሪያው ደውሎ መዝጋት ነው፤ ገንዘብ የሌለው ሰው አንድ ጊዜ አስጠርቶ ይዘጋል፤ ገንዘብ ያለው ዘመዱም መልሶ ይደውልለታል። ሁለተኛው በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙበት የጥሪ ካርድ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። ደዋዩ አስቀድሞ ጥቂት ገንዘብ ይከፍላል፤ ከዚያም በሚኖርበት ከተማ ወዳለ የአገር ውስጥ ቁጥር ይደውላል፤ መሣሪያው ሲያነሣ የካርዱን ምስጢር ቁጥርና የሚፈልገውን የኢትዮጵያ ቁጥር ይነግረዋል፤ መሣሪያውም ጥሪውን በጅምላ በተገዛ ርካሽ መስመር ያሻግረዋል። የደዋዩ የስልክ ኩባንያ የሚያስከፍለው ለአገር ውስጥ ጥሪ ብቻ ስለ ሆነ የውጭ አገር ጥሪው ትልቁ ዋጋ ይቀራል። ሦስተኛው ኢሞ፥ ዋትስአፕና ቫይበር በመሳሰሉት በኢንተርኔት መነጋገር ነው።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት ያስፈልጋል። ከውጭ የመጣ ጥሪ በኢትዮጵያ ሲያርፍ ጥሪውን ያመጣው ኩባንያ ለኢትዮጵያው ድርጅት የመቀበያ ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል። ይህን ከፍሎ በቀረው ላይ በጥቂት ትርፍ የሚሠራ ርካሽ አገልግሎት በደል የለበትም። ሌላው ግን ብዙ ሲም ካርድ የሚጎርስ መሣሪያ በአንድ ቤት ውስጥ ሸሽጎ ከኢንተርኔት የተቀበለውን የውጭ ጥሪ የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስሎ ያስተላልፋል። ከአሜሪካ የተደወለው ስልክ በአገር ውስጥ ቁጥር የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ የውጭ ምንዛሪው ለአገር ሳይገባ በመካከል ይቀራል፤ ድምፁም ይቆራረጣል፤ ተቀባዩም ጥሪው ከማን እንደ መጣ አያውቅም።

መንግሥት ይህን ለመከላከል ሕግ ሲያወጣ ኖሯል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍን ከለከለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ ሕጋዊውን መስመር አልፎ ጥሪ በሚያስተላልፍ ላይ ጽኑ እስራት ደነገገ። ሕዝቡ ስካይፕ የሚጠቀም ሁሉ ይታሰራል ብሎ በፈራ ጊዜ፥ ክልከላው ተራውን ተጠቃሚ የሚመለከት እንዳልሆነ መንግሥት በዚያው ዓመት ገለጠ።

ነገር ግን ቅጣት ብቻውን ስውሩን ንግድ አያጠፋውም። ስውር ንግድ የሚኖረው በእውነተኛው ወጪና በተጠየቀው ዋጋ መካከል ሰፊ ክፍተት ሲኖር ነው። ይህም በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የአገሩ ኩባንያዎች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ለአንድ ደቂቃ የሚከፍሉት የመቀበያ ዋጋ ወደ 23 የአሜሪካ ሳንቲም እንዲወርድ ወሰነ። ሳውዲ ዐረቢያም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሕጓን ለጠበቁ የኢንተርኔት ጥሪዎች የነበረውን እገዳ አነሣች። በኢትዮጵያም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የተንቀሳቃሽ ስልክ ጥሪን ዋጋ በ40 ከመቶ፥ የተንቀሳቃሽ ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 ከመቶ ቀነሰ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1148 ገበያውን ለሌላ ድርጅት ከፈተ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎት ጀመረ። ዋጋ በወረደ መጠን የስውሩ ነጋዴ ትርፍ ይቀንሳል፤ ሕዝቡም በግልጡ በር መግባት ይመርጣል።

በርካሽነት ስም የሚደረግ ሌላም ማታለል አለ። የጥሪ ካርድ በላዩ ብዙ ደቂቃ ተጽፎበት በውስጡ ልዩ ልዩ ክፍያ ሊደበቅበት ይችላል። ደቂቃን ወደ ላይ እየሞላ የሚያስከፍል ካርድ ለ61 ሴኮንድ ጥሪ የሁለት ደቂቃ ዋጋ ይወስዳል፤ እንዲህ ያለ ጥሪ አሥራ አምስት ጊዜ ቢደረግ የተነጋገሩበት ጊዜ ከ15 ደቂቃ ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ የተከፈለው ግን የ30 ደቂቃ ነው። በአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2000 ዓ.ም. የካርድ ሻጮችን በከሰሰ ጊዜ፥ በአንዱ ክስ የተፈተኑት ካርዶች ከተባለው ደቂቃ ግማሹን ያህል ብቻ እንደ ሰጡ ታውቋል። የተጎዱትም በላባቸው አድረው ወደ አገራቸው የሚደውሉ ስደተኞች ነበሩ።

የኢንተርኔት ጥሪም ቢሆን ፈጽሞ የሚታመኑበት አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ በተቋረጠ ጊዜ በእርሱ ብቻ ይነጋገሩ የነበሩ ቤተ ሰቦች ድምፅ ተቋርጦባቸው ሰንብተዋል። ስለዚህ ተራው የስልክ ጥሪ ለድኻው በሚቻል ዋጋ መገኘቱ እስከ ዛሬ አስፈላጊ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ግዴታ ለየድርሻው ነው። የመንግሥት ሹማምንት የስልክን ዋጋ ወደ እውነተኛው ወጪ ማቅረብ፥ የመቀበያውንም ዋጋ ስውሩን ነጋዴ በማያበለጽግ ልክ መወሰን ይገባቸዋል። የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው በበዛ ቍጥር ጥሪው በስውር መንገድ ስለሚሄድ የታሰበው ገቢ ራሱ ይጠፋል። ሕጉንም ሲያስፈጽሙ መሣሪያ ሸሽጎ የሚነግደውን ከእናቱ ጋር ከሚነጋገር ሰው መለየት አለባቸው።

ካህናትም በንስሐ ልጆቻቸው ቤት የሚሰማ ቃል አላቸው። ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ ልጅ ከመነሣቷ በፊት በየስንት ቀን እንደምትደውል ከቤተ ሰቧ ጋር እንድትስማማ፥ የቤተ ሰቧንና የኢትዮጵያን ቆንስላ ቁጥር በስልክዋ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ጽፋ እንድትይዝ ሊመክሩ ይችላሉ። ለጥቂት ብር ብሎ ለማያውቀው ሰው በስሙ ሲም ካርድ የሚያወጣውንም ወጣት ሊያስጠነቅቁት ይገባል፤ በቁጥሩ ወንጀል በተሠራ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈለገው በመዝገብ ስሙ ያለው ሰው ነውና፥ ሌላው በሚያተርፍበት እርሱ ይጠየቃል።

የቤተ ሰብ አለቃም ርካሽ የተባለውን ሁሉ ከመግዛቱ በፊት መመዘን አለበት። የደቂቃው ዋጋ ስንት ነው? ለማገናኘት የሚወሰድ ክፍያ አለን? ገንዘቡስ በስንት ቀን ይቃጠላል? ይህን ጠይቆ የሚገዛ ሰው ቁጠባን ያውቃል።

ቁጠባ መልካም ነው፤ ግን ቁጠባው ለንግግሩ መርዘም እንጂ ለንግግሩ ማጠር ሊሆን አይገባም። በሩቅ አገር ያለች ልጅ «ደኅና ነኝ» ካለች በኋላ እውነቱን ለመናገር የሚበቃ ጊዜ በእጇ ሲኖር፥ ያን ጊዜ ስልክ የተሠራለትን ሥራ ሠራ ይባላል።