እድፍ ነው ወይስ እንከን?



በዚህ ሳምንት ስለ ኪችን ድንጋይ አጫውታችኋለሁ። ነገሩን ለመረዳት ግን ሁለት ቃላት ያስፈልጉናል፤ «እድፍ» እና «እንከን»። እድፍ ከውጭ መጥቶ የሚይዝ ቆሻሻ ነው። ሸሚዝ ላይ የፈሰሰ ወጥ እድፍ ነው፤ ይታጠባል። እንከን ደግሞ ዕቃው ራሱ ያለበት ጉድለት ነው። የሸሚዙ አንድ እጅጌ አጥሮ ከተሰፋ እንከን ነው፤ መቶ ጊዜ ቢታጠብ አይረዝምም። እድፍን የሚያስለቅቀው ባለቤቱ ነው። እንከንን ማስተካከል ያለበት ግን ሠሪው ነው። አዲስ ኪችን ላስገጠመ ሰው ይህ ልዩነት ብዙ መቶ ዩሮ ያወጣል።

ባለፈው ዓመት እዚህ ፍራንክፈርት፣ ቦርንሃይም ሰፈር ባለው ቤታችን ነጭ የእምነበረድ ካውንተር አስገጠምን። ሠራተኞቹ ማምሻውን ጨርሰው ሄዱ። ኃላፊያቸው ከሁለት ቀን በኋላ መጥቶ ሥራውን ሊያስረክበን ተቀጣጠርን። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ አግድም ስትገባ፣ ማታ በመብራት ያልታየ ነገር ታየ። አንደኛ፣ የብርጭቆ ቂጥ የሚያህል የደበዘዘ ክብ። ሁለተኛ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ጥግ ተነሥቶ እስከ ጠርዙ የሚሄድ ቀጭን ግራጫ መስመር። ሦስተኛ፣ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች።

ባለቤቴ ስፖንጅና ሳሙና አነሣች። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ግን እጇን ያዝ አደረገቻት። «ቆዪ የኔ ልጅ፣ ምንነቱ ሳይታወቅ አይፈተግም። ምጣድ ስትገዢ መጀመሪያ ታንኳኪዋለሽ እንጂ ታጥቢዋለሽ?» አለቻት።

እናቴ የተናገረችው የገበያ ጥበብ ነው። የሸክላ ምጣድ ወይም ጀበና ሲገዛ በጣት ይንኳኳል። ደህና ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ስንጥቅ ካለበት ድምፁ የታፈነ ነው። እኔ ሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ በእኛም ሥራ ሕጉ ይኸው ነው። ፕሮግራም ሲበላሽ መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ ይፈለጋል፤ ኮዱ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

ድንጋዩ ምንድን ነው?

ኪችን ውስጥ የሚገጠሙ ድንጋዮች አንድ ዓይነት አይደሉም። እምነበረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ኖራም የሚሠራው ከዚሁ ማዕድን ነው። ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ይበላዋል። ግራናይት ደግሞ በዋናነት ከኳርትዝና ከፌልድስፓር የተሠራ ስለሆነ የሎሚ ጭማቂ በቀላሉ አይጎዳውም።

ጥንካሬያቸውም ይለያያል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞስ በ1812 ማዕድናትን ከ1 እስከ 10 የሚለካ የጥንካሬ መሰላል አወጣ። በዚህ መሰላል የእምነበረድ ዋና ማዕድን፣ ካልሳይት፣ 3 ላይ ነው። ፌልድስፓር 6፣ ኳርትዝ 7 ላይ ናቸው። ስለዚህ የወጥ ቤት ቢላ እምነበረድን ይጭራል፤ ግራናይትን ግን እምብዛም።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ በፋብሪካ የተፈጨ ኳርትዝ ከሙጫ ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ። ይህ ሎሚ አይፈራም፤ ግን ሙጫ ስላለው የጋለ ድስት ይጎዳዋል።

ሦስት ቀላል ፍተሻዎች

እኛ የፈተሽነው በውሃ፣ በጥፍርና በእጅ ብቻ ነው።

የደበዘዘውን ክብ በውሃ አራስነው። እርጥብ ሳለ ጠፋ፤ ሲደርቅ ተመልሶ መጣ። ዘይት ድንጋይ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ቦታው የጠቆረ ይሆን ነበር። ይህ ግን ፈዘዝ ያለ ነው፤ በእጅ ሲዳሰስም ሻከር ይላል። የድንጋዩ ልስላሴ በኮምጣጣ ነገር ተበልቷል ማለት ነው። እኛ ገና ሻይ እንኳ አላፈላንበትም። ስለዚህ ክቡ የመጣው ከሥራው ጊዜ ነው፤ እንከን ነው።

ግራጫው መስመር ላይ ጥፍራችንን አስኬድን። ስንጥቅ ቢሆን ጥፍር ይይዝ ነበር፤ ጥፍራችን ግን ሳይደናቀፍ አለፈ። መስመሩ የእምነበረዱ ሥር ነው፤ ድንጋዩ አብሮት የተፈጠረ መልክ እንጂ ጉድለት አይደለም። ትናንሾቹ ቀዳዳዎችም እንዲሁ የተፈጥሮ ናቸው።

እንግዲህ ከሦስቱ ምልክቶች እንከን የሆነው አንዱ ብቻ ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ «ተበላሽቷል» ብለን ብንከስስ ኖሮ እውነተኛው ቅሬታችን ክብደት ያጣ ነበር።

ከመፈረም በፊት

ጀርመኖች ሥራን ተረካክቦ መቀበልን «አብናሜ» ይሉታል። ትንሽ ቃል ትመስላለች፤ በሕግ ግን ትልቅ በር ናት። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 640 መሠረት፣ በሥራ ውል የተሠራን ነገር እንከኑን እያወቀ ዝም ብሎ የተቀበለ ሰው ያስተካክሉልኝ ወይም ዋጋ ይቀነስልኝ የማለት መብቱን ሊያጣ ይችላል። መብቱን የሚጠብቀው ሲቀበል «ይህ እንከን አለ፤ መብቴን አልተውኩም» ካለ ነው። ከተቀበለ በኋላም እንከኑ ቀድሞ የነበረ መሆኑን ማስረዳት በአብዛኛው የደንበኛው ሸክም ይሆናል።

እኛ ክቡን በጠዋት ብርሃን ፎቶ አነሣን፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ የአንድ ዩሮ ሳንቲም አስቀመጥን። ኃላፊው ሲመጣ «ድንጋይ የተፈጥሮ ነገር ነው» አለን። ስለ መስመሩና ስለ ቀዳዳዎቹ እውነቱን ነበር። ክቡን ግን ርክክቡ ወረቀት ላይ አስጻፍን፤ ከዚያ ፈረምን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ነገር ብቅ አለ። በዕቃ ማጠቢያው ዙሪያ፣ ሲሊኮኑ ያረፈበት ጠርዝ ጠቆረ። አንዳንድ ሲሊኮን ውስጥ ያለው ቅባት ቀስ እያለ ወደ ድንጋዩ ይሰርጋል። ለዚህ ነው ለተፈጥሮ ድንጋይ የተዘጋጀ ልዩ ሲሊኮን ያለው። እንዲህ ያለው ጥቁረት ከላይ ቢፈተግ አይለቅም። በርክክቡ ቀን ያልታየ እንከን ስለሆነ ግን ፊርማችን መብታችንን አልወሰደውም። ፎቶ ጨምረን ደብዳቤ ጻፍን፤ እንዲያስተካክሉም ቀን ቆረጥንላቸው።

መጥተው ክቡን አለሰለሱት፤ ሲሊኮኑንም አንሥተው በትክክለኛው ተኩ። ጥቁረቱ ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ለቀረው ዋጋ ቀነሱልን። ዛሬም ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ያገኘዋል።

ይሉኝታ እና ደብዳቤ

ይህን የምጽፍላችሁ በምክንያት ነው። ብዙዎቻችሁ ለእናት አባቶቻችሁ የጀርመንኛ ወረቀት ታነባላችሁ። እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ተዉት፣ ከሰው አታጣሉን» ይላሉ። ይህ «ይሉኝታ» ይባላል፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ መጨነቅ ነው። ይሉኝታ ጥሩ ጎረቤት ያደርጋል፤ ግን ለዓመታት ተጠራቅሞ የተከፈለ ገንዘብ ላይ ሲሆን ይጎዳል። እዚህ አገር ጨዋ ደብዳቤ መጻፍ ጠብ አይደለም። አባቶቻችንም «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የት ቦታ፣ ምን ዓይነት ምልክት፣ መቼ ታየ፣ እስከ መቼ ይስተካከል። ሠሪው ሳያየው በራሳችሁ አታለስልሱት፤ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ካልተግባባችሁ የሄሰን ግዛት የሸማቾች ማኅበር፣ ፌርብራውኸርትሴንትራለ ሄሰን፣ ምክር ይሰጣል።

የእኛ ማዕድ ቤትና ድንጋይ

እንከኑ ከተስተካከለ በኋላ እድፉ የእኛ ኃላፊነት ነው። አዲስ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሸው፣ የተፈጥሮ ድንጋይም ፈሳሽ እንዳይመጥ ለድንጋይ በተዘጋጀ መከላከያ ይቀባል። የምግብ ዘይት ግን አይሆንም። መከላከያው መሥራቱን ለማወቅ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጣል አድርጉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቦታው ከጠቆረ ድንጋዩ እየጠጣ ነው፤ እንደገና ይቀባ።

እምነበረድ ያላችሁ ከሎሚ፣ ከጠጅና ከፍራንክፈርቱ አፕፌልቫይን ጠብቁት። የእንጀራ ሊጥም ኮምጣጣ መሆኑን አትርሱ። የውሃ ነጭ ኖራ በኮምጣጤ ማስለቀቅ እዚህ የተለመደ ነው፤ እምነበረድ ላይ ግን ኮምጣጤው ኖራውን ብቻ ሳይሆን ድንጋዩንም ይበላል። ንጥር ቅቤ ከሰረገ፣ እዚህ ናትሮን የሚሉትን ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሳችሁ ለጥፉበት፤ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ አንድ ቀን አቆዩት። እርድ ግን ከሁሉ ይብሳል፤ ሳይደርቅ ቶሎ ጥረጉት። ሳይቃጠል በቅጠል!

አንድ የመጨረሻ ምክር፤ ለዕቃ ማጠቢያው ቦታ ተቆርጦ የወጣውን ድንጋይ ሠራተኞቹ ይዘውት እንዳይሄዱ ጠይቁ። አዲስ ሳሙና ወይም መከላከያ ስትገዙ መጀመሪያ በእሱ ላይ ትሞክራላችሁ።

የሳምንቱ ቃላት

ጭረት፦ ስለታም ነገር ላዩን ሲፍቀው የሚተወው መስመር።
ስንጥቅ፦ ወደ ውስጥ የገባ ክፍተት፤ ጥፍር ይይዛል።
መፈተግ፦ በኃይል ማሸት።
ማሟሸት፦ አዲስ የሸክላ ዕቃን ለሥራ ማዘጋጀት።
መስረግ፦ ፈሳሽ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መግባት።

ለሳምንቱ ደግሞ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ማዕድ ቤታችሁ ውስጥ አንድ ምልክት ፈልጉና እናታችሁን ወይም አባታችሁን በአማርኛ ጠይቋቸው፤ «ይህ እድፍ ነው ወይስ እንከን?» ቸር ሰንብቱ።