ቀድሞ የመጣው ይቆይ!

አንባቢ ሆይ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደባርቅ እንግዳ አላጣችም፤ መልካም ነው። ዳሩ ግን «ፈጣን ምግብ» የሚል ማስታወቂያ ከለጠፈ አንድ ቤት ያየሁትን ልንገርህ። ከጃናሞራ የመጡ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ሽሮ አዘው፣ ሒሳቡንም አስቀድመው ከፍለው ይጠብቃሉ። ከእርሳቸው በኋላ የገቡት ፈረንጆች በልተው ቡናቸውን ይጠጣሉ። አስተናጋጁን ብጠይቀው፣ «እሳቸውን ምን ያስቸኩላቸዋል?» አለኝ። የጎንደሩ አውቶቡስ ጥሩምባ እኮ ሁለተኛውን ጮኋል! ሽማግሌው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ጦማቸውን ወጡ። (እኔ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለኝም።) ክረምት ገብቶ ጎብኚው ሲሳሳ ያንን ቤት የሚያኖረው ባለ ጋቢው ነው። ባለቤቱ ይህን ካነበበ ሽማግሌውን አፈላልጎ የሽሮውን ዋጋ ይመልስላቸው።