የሃይማኖት መምህሩ የት ነው?

በኢንዶኔዥያ ሃይማኖት መደበኛ ትምህርት ነው። ተማሪው ይፈተንበታል፣ ውጤቱም ሪፖርት ካርዱ ላይ ይሰፍራል። ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን በሚል ሕገ መንግሥት ሥር ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ነገሩ እንግዳ ነው። ከሕዝቡ 87 በመቶ ያህሉ ሙስሊም በሆነበት አገር፣ የቀረው ልጅ በዚያ ክፍለ ጊዜ ምን ይማራል?

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የትምህርት ሕግ በአንቀጽ 12 መልሶታል። ማንኛውም ተማሪ የራሱን ሃይማኖት፣ የእምነቱ ተከታይ ከሆነ መምህር የመማር መብት አለው። ሕጉ ሲረቀቅ አገር ተከፍሎ ነበር። በጥራታቸው በሚታወቁ የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ሙስሊም ልጆች ብዙ ስለነበሩ፣ የእስልምና ድርጅቶች ልጆቹ እምነታቸውን እንዳይለውጡ ሰግተው ሕጉን ደገፉ። ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ደግሞ በገዛ ግቢያችን የእስልምና መምህር እንድንቀጥር ልንገደድ ነው ብለው ተቃወሙ። የሁለቱም ስጋት ከምር ነበር። እኔ ግን ሕጉ ትክክል ነው እላለሁ። ልጅ ጥሩ ትምህርት ፍለጋ ሲሄድ የወላጆቹን እምነት እንዲተው ሊጠየቅ አይገባም።

ይህን በድፍረት የምለው ሙሐመዲያን አይቼ ነው። አሕመድ ዳህላን በ1912 በዮግያካርታ የመሠረቱት ይህ የሙስሊሞች ማኅበር በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች አሉት፤ አንዳንዶቹ ሙስሊሙ ራሱ አናሳ በሆነባቸው ምሥራቃዊ ደሴቶች ይገኛሉ። ካቶሊኮች በሚበዙባት በፍሎሬስ ደሴት፣ በኤንዴ ከተማ ያለው የማኅበሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክርስቲያን ልጆችን ይቀበላል፤ ሃይማኖታቸውንም በራሳቸው መምህር ያስተምራቸዋል። አብዱል ሙዕቲና ፋጃር ሪዛ ኡል ሐቅ ይህንና መሰል ትምህርት ቤቶችን አጥንተው «ክርስቲያን ሙሐመዲያ» የተሰኘ መጽሐፍ ጽፈዋል። ልጆቹ ክርስቲያንነታቸውን እንደያዙ ማኅበሩን የራሳቸው አድርገው ያዩታል። ሙስሊም ልጆችን ለመጠበቅ የተደገፈው አንቀጽ እዚህ ለክርስቲያኑ ልጅ ሠራ። ለእኔ የሕጉ ትልቁ ማረጋገጫ ይህ ነው።

የሚያሳዝነው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ነው። ጥቂት ክርስቲያን ወይም ሂንዱ ልጆች ብቻ ባሉበት ብዙ ጊዜ መምህር አይመደብላቸውም፤ ውጤታቸውን ከቤተ እምነታቸው የሚያመጡ አሉ። መንግሥት ከሚያውቃቸው ስድስት ሃይማኖቶች ውጭ ያሉት የነባር እምነት ተከታዮች በትምህርት ቤት የራሳቸውን ትምህርት የሚያገኙበት ደንብ የወጣላቸው ገና በ2016 ነው። በ2021 መጀመሪያ በፓዳንግ አንድ የመንግሥት የሙያ ትምህርት ቤት ክርስቲያን ተማሪዋን ሂጃብ ልበሺ ማለቱ ሲሰማ፣ ሦስት ሚኒስትሮች ሃይማኖታዊ አለባበስን ማስገደድንም መከልከልንም የሚያግድ የጋራ ውሳኔ አወጡ። በወራት ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። ልጅቷን ከለላ ሊሆናት የነበረው ውሳኔ እንዲህ መፍረሱ ያስቆጣኛል።

አብዱል ሙዕቲ ከ2024 ጥቅምት ጀምሮ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሚኒስትር ናቸው። የኤንዴን ትምህርት ቤት ከማንም በላይ ያውቁታል። በየወረዳው ለአናሳዎቹ ልጆች አንድ አንድ መምህር ይቅጠሩ፤ መምህሩ በትምህርት ቤቶቹ መካከል እየተዘዋወረ ያስተምር፣ ደመወዙንም መንግሥት ይክፈል።