የባል ዕዳ፣ የሚስት ሐቅ፦ በአሜሪካ ለዕዳ ስለሚያዝ የታክስ ሪፈንድ

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦቻችን የታክስ ሪፈንድን የሚጠብቁት እንደ ትርፍ ገንዘብ አይደለም። ከመምጣቱ በፊት ቦታ የተያዘለት ገንዘብ ነው። የተጠራቀመ የቤት ኪራይ ይከፈልበታል፣ መኪና ይጠገንበታል፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆች ይላክበታል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ረመዳን ከታክስ ወቅት ጋር በመገጣጠሙ የልጆች የዒድ ልብስ ሳይቀር ከዚሁ ይታሰባል። ገንዘቡ ይገባል በተባለበት ሳምንት ግን በምትኩ ደብዳቤ ይመጣል። ሪፈንዳችሁ ለዕዳ ተወስዷል ይላል። ዕዳው የባል ነው፤ ሪፈንዱ ግን በአብዛኛው ከሚስት ደሞዝ የተቆረጠ ነው። አንዳንዴም ነገሩ ተገልብጦ ባል የሚስቱን ዕዳ ሲከፍል ይገኛል።

እዚህ ላይ ብዙዎች «መንግሥት አንዴ ከወሰደ ወሰደ ነው» ብለው ይተዉታል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

ለምን ይወሰዳል?

ባልና ሚስት ታክሳቸውን በጋራ ሲያሠሩ ሪፈንዱ በአንድ ላይ ይመጣል። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ደግሞ ሪፈንዱን ከመላኩ በፊት የሁለቱን ስም ከባለዕዳዎች መዝገብ ጋር ያመሳክራል። የሚፈለጉት ዕዳዎች የታወቁ ናቸው፦ ያልተከፈለ የልጅ ማሳደጊያ ማለትም ቻይልድ ሰፖርት፣ ክፍያው የተቋረጠ የፌዴራል የትምህርት ብድር፣ ያለፈ ዓመት የፌዴራል ወይም የስቴት ታክስ፣ ያላግባብ የተወሰደ የሥራ አጥነት ክፍያና የመሳሰሉት። በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሞ የነበረው የትምህርት ብድር ማስመለስ ሜይ 5 ቀን 2025 እንደገና እንደሚጀመር የትምህርት ሚኒስቴሩ ማስታወቁ፣ ለዓመታት የተረሳ ዕዳ ያለባቸውን ሰዎች ወደ ስጋት መልሷቸው ነበር።

በዚህ አሠራር ውስጥ ዋናው ችግር ቅደም ተከተሉ ነው። መንግሥት መጀመሪያ ይወስዳል፣ ዕዳው የማን ነው የሚለው ጥያቄ የሚነሳው በኋላ ነው። ጥያቄውን ማንሳት ያለባትም ዕዳ የሌለባት ወገን ናት። ካልጠየቀች ማንም አይጠይቅላትም።

ሐቁ እንዴት ይለያል?

መጠየቂያው ፎርም 8379 ይባላል። በእንግሊዝኛው «ኢንጀርድ ስፓውዝ» የሚባለው፣ በትዳር አጋሯ ዕዳ ምክንያት የሪፈንድ ድርሻዋ የተወሰደባት ማለት ነው። ዕዳውን የመክፈል ግዴታ እስከሌለባት፣ የራሷ ገቢና ከደሞዟ የተቆረጠ ታክስ እስካላት ድረስ ድርሻዋን መጠየቅ ትችላለች።

ለምሳሌ በቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ ሁለቱም ተቀጣሪ የሆኑ ባልና ሚስት እንውሰድ። ከሚስት ደሞዝ በዓመት 3,200 ዶላር ተቆርጧል፤ ከጋራው ታክስ የሷ ድርሻ 1,400 ነው። ከባል 1,500 ተቆርጧል፤ የሱ ድርሻ 1,100 ነው። ጠቅላላ ሪፈንዳቸው 2,200 ዶላር ይሆናል። ባል የቻይልድ ሰፖርት ውዝፍ ካለበት 2,200ው በሙሉ ሊወሰድ ይችላል። ፎርሙ ከገባ ግን 1,800ው ለሚስት ይመለሳል፣ ለዕዳው የሚውለው የባል 400 ብቻ ነው።

በሲያትል፣ በዳላስ፣ በላስ ቬጋስና በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ወገኖች ልብ ሊሉት የሚገባ ልዩነት አለ። ዋሽንግተን፣ ቴክሳስ፣ ኔቫዳና ካሊፎርኒያ በትዳር ውስጥ የተገኘ ገቢን የጋራ ንብረት አድርገው ከሚቆጥሩ 9 ስቴቶች መካከል ናቸው። እዚያ ክፍፍሉ የሚሠራው በስቴቱ ሕግ ስለሆነ የሚመለሰው ገንዘብ ሊያንስ ይችላል።

ይህ ፎርም «ኢኖሰንት ስፓውዝ» ከሚባለው ፎርም 8857 ጋር መምታታት የለበትም። ያኛው ባል ገቢውን ደብቆ ወይም አሳስቶ ታክስ በማሠራቱ ሚስት ከዚያ ከመጣ የታክስ ዕዳ ነፃ እንድትሆን የምትጠይቅበት ነው።

ለምን ይህን ያህል ይዘገያል?

በኢንተርኔት የተላከ መደበኛ ሪፈንድ ብዙ ጊዜ በ21 ቀን ውስጥ ይመጣል። ይህኛው ግን ገቢው፣ የተቆረጠው ታክስና የልጆች ጥቅም ለሁለት መከፈል ስላለበት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። አይአርኤስ ራሱ የሚሰጠው የጊዜ ግምት እንዲህ ነው፦ ከታክሱ ጋር አብሮ በኢንተርኔት ከተላከ 11 ሳምንት፣ አብሮ በወረቀት ከተላከ 14 ሳምንት፣ ታክሱ ተጠናቆ ካለቀ በኋላ ፎርሙ ለብቻው ከተላከ 8 ሳምንት። በየካቲት ታክሷን ያሠራች እህት ገንዘቧን በግንቦት ብታገኝ ከተለመደው አልወጣም።

በመጠበቅ ላይ ያሉ ሰዎች የሚሠሩት አንድ ስህተት አለ። ጊዜው የረዘመ ሲመስላቸው ያንኑ ፎርም ደግመው ይልካሉ። ይህ ጉዳዩን ከማወሳሰብ በቀር አያፈጥነውም። ይልቅ የላኩትን ኮፒ፣ የላኩበትን ቀንና የሁለቱንም ደብሊው-ቱ አስቀምጦ ሳምንታቱን መቁጠር ይሻላል። በመዘግየቱ ምክንያት ከቤት መውጣትን የመሰለ ከባድ ችግር የተደቀነበት ቤተሰብ ማስረጃውን ይዞ በአይአርኤስ ውስጥ ወዳለው የታክስ ከፋዮች ጠበቃ ቢሮ በ877-777-4778 መደወል ይችላል።

ሌላው ፈተና «ሪፈንድዎን ዛሬውኑ እንስጥዎ» የሚለው ማስታወቂያ ነው። ከጀርባው ብድር አለ፤ ብዙ ጊዜም ወለድ ወይም ክፍያ ይከተለዋል። ሐቋን ለማስመለስ የምትጠብቅ እህት ወደ ሪባ እንዳትገባ ውሉን አንብቦ የሚያስረዳት ሰው ከጎኗ መኖር አለበት። አይአርኤስ ለዘገየ ሪፈንድ ወለድ ጨምሮ የሚልክበት ጊዜም አለ። ወለዱን ለይታ ምን እንደምታደርገው የምታምናቸውን ዓሊም ትጠይቅ።

የኛስ ድርሻ?

ሸሪዓችን የሚስትን ንብረት ከባል ንብረት ለይቶ ያያል። መህሯም፣ ውርሷም፣ ሠርታ ያገኘችውም የራሷ ነው። የባሏን ዕዳ የመክፈል ግዴታ የለባትም፤ ከረዳችው ኢሕሳን ነው። ስለዚህ ፎርም 8379ን መሙላት በባል ላይ መነሳት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ሐቅን ለባለቤቱ መመለስ ነው።

በሌላ በኩል ቻይልድ ሰፖርትም ሐቅ ነው። ከቀድሞ ትዳር የተወለደው ልጅ ነፈቃው በአባቱ ላይ ግዴታ ነው። መንግሥት ከአባቱ ድርሻ ቢወስድለት በደል ተፈጸመ አይባልም። በደል የሚሆነው የልጁ ሐቅ ከእንጀራ እናቱ ደሞዝ ሲከፈል ነው።

የችግሩ ሥር ግን ከአይአርኤስ በፊት እኛው ቤት ውስጥ ነው። ኒካህ ሲታሰር ስለመህር እንነጋገራለን፣ ስለ ዕዳ ግን ማንም አይጠይቅም። ባል አፍሮ ይደብቃል፤ ሚስት የምትሰማው በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ደብዳቤ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጎዳው መተማመኑ ነው፤ እሱን የሚመልስ ፎርም ደግሞ የለም።

ስለዚህ ታክስ ከመሠራቱ በፊት ባለዕዳው በ800-304-3107 ደውሎ ስሙ በዕዳ መዝገብ ውስጥ መኖሩን ያጣራ። ይህ ስልክ የአይአርኤስን የራሱን የታክስ ዕዳ አይጨምርም፤ ያንን ከአይአርኤስ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዕዳ ካለ ታክስ ሠሪው ፎርም 8379ን አብሮ እንዲልክ ይነገረው። ፎርሙ በየዓመቱ አዲስ መሞላት አለበት። ያለፈው ዓመት ሪፈንዱ የተወሰደበት ቤተሰብም በጥቅሉ ታክሱ መግባት ከነበረበት ቀን አንስቶ እስከ 3 ዓመት ድረስ መጠየቅ ስለሚችል ደብዳቤውን አይጣለው። መስጂዶቻችንና የማኅበረሰብ ማዕከሎቻችንም በታክስ ወቅት ቋንቋውንና ሕጉን የሚያውቁ ወንድሞችና እህቶች አንድ ቅዳሜ እንዲያስረዱ ቢያደርጉ ለብዙ ቤቶች እፎይታ ይሆናል።

አላህ ሐቅን ለባለቤቱ ከሚመልሱት ያድርገን።