ስለ ጥበቃ ካሜራ የተነሣ ክርክር

ካሜራ ካነሣው ሥዕል ውስጥ የሰውን እንቅስቃሴ ለይቶ የሚያስታውቅ ብልሃት አውጥቶ ፓተንት የያዘው የአሜሪካው ኩባንያ ኦብጀክትቪዲዮ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2011 ሶኒን፥ ቦሽንና ሳምሰንግ ቴክዊንን በዋሽንግተን በዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሲዮን ፊት ከሰሳቸው። ኮሚሲዮኑ ካሣ አይፈርድም፤ ዕቃው አሜሪካ እንዳይገባ ግን ኬላ ያስዘጋል። ለነጋዴ ካሣ ከመክፈል ይልቅ የገበያ መዘጋት ስለሚብስበት፥ ተከሳሾቹ ፈቃድ መግዛትን መረጡ።

ብልሃት ያወጣ ሰው የድካሙን ዋጋ ማግኘቱ የተገባ ነው፤ ሕጉም የቆመው ለዚሁ ነው። ዳሩ ግን በ2014 አቪጊሎን የተባለው የካናዳ ካሜራ ሠሪ ፓተንቶቹን በ80 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገዛ። ከዚያ ወዲያ የቀሩት ካሜራ ሠሪዎች ፈቃድ የሚጠይቁት ብልሃቱን ያወጣውን ሳይሆን በገበያ የሚፎካከራቸውን ሆነ፤ ይህም ከሕጉ አሳብ የራቀ ይመስላል። በ2018 ደግሞ ሞቶሮላ ሶሉሽንስ አቪጊሎንን በአንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲገዛ፥ ፓተንቶቹም አብረው ሄዱ።