ሥራ ፈላጊና የመጀመሪያ ቃሉ

በቀድሞው ዘመን ሥራም ሹመትም የሚገኘው በደጅ ጥናት ነበር። ደጅ ጠኚው ከጌታው ግቢ ማልዶ እየቆመ፣ ጌታው ሲወጣም ሲገባም እጅ እየነሣ፣ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ይሰነብታል። ጌታውም ትዕግሥቱንና ታማኝነቱን ቀስ ብሎ ያጤናል። ስለዚህ ደጅ ጠኚው በመጀመሪያው ቀን አንደበቱ ቢተሳሰር እንኳ የሚክስበት ሌላ ቀን አያጣም ነበር።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በየዩኒቨርሲቲውና በየአዳራሹ በሚዘጋጀው የሥራ አውደ ርዕይ ላይ ቀጣሪዎች በየጠረጴዛቸው ይቀመጣሉ፤ ሥራ ፈላጊውም ተሰልፎ ይቀርባል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። የዓመቱ ደጅ ጥናት በጥቂት ደቂቃ ተጠቅልሎ መጣ ማለት ነው።

ወጣት ሆይ፣ «ዲግሪዬ ይናገርልኛል» ብለህ አትዘናጋ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታው ሆኗል። እንግዲህ ከፊትህም ከኋላህም የተሰለፉት ፈተናውን አልፈው፣ ያንኑ የመሰለ ወረቀት ይዘው የመጡ ናቸው። ወረቀቱ ከሰልፉ ያስገባሃል እንጂ ከሰልፉ ለይቶ አያወጣህም። የሚለይህ የመጀመሪያ ቃልህ ነው።

ሰሎሞን አሽ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ባሳተመው ጥናት፣ የአንድን ሰው ጠባይ የሚገልጹ ስድስት ቃላት ለሰዎች አሰማ። ለከፊሎቹ «ብልህ፣ ታታሪ፣ ችኩል፣ ተቺ፣ ግትር፣ ቀናተኛ» ሲል፣ ለቀሩት ደግሞ እነዚያኑ ቃላት ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ ነገራቸው። ቃላቱ አንድ ሆነው ሳለ፣ ብልህነቱን አስቀድመው የሰሙት ስለ ሰውዬው የተሻለ ግምት ያዙ። መጀመሪያ የተሰማው ነገር ለኋለኛው መነጽር ይሆናል ማለት ነው።

አሁን በሒሳብ አያያዝ የተመረቁ ሁለት ጓደኛሞች ከአንድ ጠረጴዛ ፊት ቀረቡ እንበል። አንደኛው «የተገኘውን ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ፤ ልምድ ግን የለኝም» ይላል። ሁለተኛው «በሒሳብ አያያዝ ተመርቄያለሁ፤ በተግባር ልምምዴ ጊዜ የዕቃ ግምጃ ቤት ቆጠራ ሠርቻለሁ፤ እናንተም ብዙ መጋዘን እንዳላችሁ አንብቤ መጣሁ» ይላል። ሁለቱም ልምዳቸው እኩል ነው። ነገር ግን የፊተኛው የጎደለውን አስቀደመ፤ የኋለኛው ያለውን አስቀደመ። «ማንኛውንም ሥራ» የሚለው አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ቀጣሪው ግን የት እንደሚያስቀምጥህ አንተ ካላወቅህ እሱ ሊያስብልህ ጊዜ የለውም።

አገራችን ልጆቿን የምታሳድገው «ከትልቅ ሰው ፊት ዓይንህን ሰበር አድርግ፤ ስትጠየቅ ብቻ ተናገር» እያለች ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህ ምግባር የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ዓይኑን ከመሬት ያልነቀለ ሥራ ፈላጊ ጨዋ መሆኑ ቀርቶ ያልተዘጋጀ ይመስላል። በተለይ እኅቴ ሆይ፣ ከማንም ይልቅ «ዝም በይ» እየተባልሽ ያደግሽው አንቺ ነሽና ይህን ልብ በይ። ጨዋነት በሰላምታ ይገለጽ፦ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት፣ «እርስዎ» ብሎ ማክበር፤ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ፣ ፊት ለፊት እያዩ መናገር።

ስለ ልብስ ብዙ አንልም፤ ንጹሕና የተተኮሰ ከሆነ ይበቃል፣ ለዚህ ሲባል መበደር አያስፈልግም። ይልቅስ በዋዜማው ሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅ፦ ምን እንደተማርህ፣ ምን ሠርተህ እንደምታሳይ፣ ለምን ወደዚያ ድርጅት እንደመጣህ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ ለጓደኛህ በቃል በልለት። በመሥሪያ ቤት ተቀጥረህ የተሻለ የምትሻ ከሆንህም አለቃህን በማማት አትጀምር፤ ሰሚው ነገ የእርሱ ተራ እንደሚደርስ ያስባል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ የማታውቀውን አውቃለሁ አትበል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ አዲስ ሠራተኛን እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ በሙከራ ሊያቆየው ይችላል። በደቂቃ የተነገረ ውሸት በእነዚያ ቀኖች መገለጡ አይቀርም። ቃልህ በሩን ያስከፍትልሃል፤ ከውስጥ የሚያቆይህ ግን ሥራህ ነው።