ሐይቁ መድኃኒት አይደለም

ሐዋሳ ውስጥ ድባቴ የያዘውን ሰው ከሕመሙ ባልተናነሰ የሚያደክመው አንድ ጥያቄ አለ፤ «በዚህ ውብ ከተማ እየኖርክ ምን ጎደለህ?» የሚል። ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም። ፍቅር ሐይቅ ወርደህ ነፋስ ብትቀበል፣ አሞራ ገደል ሄደህ ትኩስ ዓሣ ብትቀምስ ይለቅሃል ብሎ ከልቡ ያምናል። የእኔ ሙግት ከዚህ እምነት ጋር ነው።

ጥፋቱ ከቃሉ ይጀምራል። በዕለት ንግግራችን «ደበረኝ» ማለት ሰለቸኝ ማለት ነው፤ ፊልሙም ይደብራል፣ ስብሰባውም ይደብራል። እናም ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ የሚወደው ሁሉ ጣዕሙ የጠፋበት፣ ራሱን ለቤተሰቡ ሸክም አድርጎ የቆጠረ ሰው «ደብሮኛል» ሲል፣ ሰሚው መዝናኛ ያዝለታል። መሰላቸት መዝናኛ ይበቃው ይሆናል፤ ድባቴ ግን ሕክምና ይሻል። እርግጥ የእግር ጉዞ ይረዳል፤ ሐኪምም ይመክረዋል። ዳሩ ግን ሕመሙ ሲጠና የሚነጥቀው ያንኑ የመነሻ አቅም ነው። ከአልጋ መውረድ ዳገት ለሆነበት ሰው ታቦር ተራራን ውጣ ማለት ምን የሚሉት ምክር ነው?

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በሽተኛው ሲሻለው የሚመጣው ምክር ነው። «ድነህ የለም እንዴ? ሱስ ሳይሆንብህ ተወው» ይሉታል። እንደ ፍሎክሲቲን ያሉት የድባቴ መድኃኒቶች እንደ ጫትና እንደ መጠጥ ሱስ አያስይዙም። ውጤታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥሉ፣ ሲቆሙም ቀስ በቀስ እንዲቀነሱ ይመክራል። ሕመሙ ለተመላለሰበት ሰው ጊዜው ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ለስኳርና ለደም ግፊት ዕድሜ ልክ መዋጥን ያልነቀፈ ጎረቤት፣ እዚህ ላይ ሲደርስ ስለምን ፈራጅ ይሆናል?

«ጸሎት ይበቃዋል» የሚሉም አሉ። ጸሎትና ክኒን ተጣልተው አያውቁም፤ የሚያጣላቸው ሰው ነው። ጠበል የሚጠመቀውም፣ ጸሎት የሚያስደርገውም መድኃኒቱን ይዞ መሄድ ይችላል።

ከድባቴ ጋር ለዓመታት መኖር ጀግንነት ሳይሆን ሥርዐት ነው፤ የእንቅልፍን ሰዓት መጠበቅ፣ ቀጠሮን አለማሳለፍ፣ ለጊዜው አነቃቅቶ ሌሊቱን ከሚቀማ ጫት መራቅ፣ ሕመሙ ሊመለስ ሲል የሚታዩትን ምልክቶች ለአንድ የቅርብ ሰው አስቀድሞ መንገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ግን የሚናገረውን እያሳፈርን እንዲደብቅ እናስተምረዋለን። የአማኑኤልን ሆስፒታል ስም ስድብ ያደረግን እኛው አይደለንምን?

በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አልሞ ነበር። በሐዋሳም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ነገር ግን በሽተኛውን ከደጃፉ የምንመልሰው እኛው ከሆንን፣ የሐኪሙ መቅረብ ምን ይረባል?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ወዳጅህ ሞትን የመመኘት ቃል ከአፉ ቢወጣ፣ ሳታድር ይዘኸው ወደ ሐኪም ሂድ። በሌላውም ቀን «ምን ጎደለህ?» አትበለው። «ቀጠሮህ መቼ ነው? አብሬህ ልሂድ?» በለው። ሐይቁ የትም አይሄድም፤ ሲሻለው አብራችሁ ታዩታላችሁ።